የአምቦ ሕዝብ የዕረፍት ጊዜውን የት ያሳልፋል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



እኛ ዕድሜያችን 18 ዓመት የሞላ፣ ከጥቂት ወራት በኋላም ከዚህ ግቢ የምንሰናበት ተማሪዎች ነን። ዕውቀታችን ገና ጥሬ መሆኑን አንዘነጋም። ይሁን እንጂ መምህራኖቻችን ያየነውን ነገር ሳንጨምርና ሳንቀንስ እንድንናገር አስተምረውናልና፣ ዛሬም ያየነውን ልንነግራችሁ እንወዳለን።

የምንናገረው ስለ መዝናኛ ነው። ይኸውም የአምቦ ከተማና የምዕራብ ሸዋ ከተሞች ነዋሪ ከሥራው ሲያርፍ ጊዜውን የት፣ ከማን ጋርና በምን ሁኔታ እንደሚያሳልፍ፣ ለዚህም አስቀድሞ ፕላን ሊወጣለት የሚገባ ስለ መሆኑ ነው።

ምናልባት ከመካከላችሁ «የኑሮው ውድነት እንዲህ በበዛበት ጊዜ ስለ ጨዋታ ማውራት የጥጋብ ነገር ነው» የሚል ይኖር ይሆናል። እኛም መጀመሪያ እንዲሁ መስሎን ነበር። ነገር ግን ቆም ብለን ስናስብ፣ ድኻውም ሆነ ሀብታሙ የዕረፍት ሰዓት እንዳለውና ያንን ሰዓት አንድ ቦታ ማሳለፉ የማይቀር መሆኑን ተረዳን። ገበሬ እንኳ በሬውን ከቀንበር ይፈታዋል፤ ፈትቶም ገደል አፋፍ ላይ አይለቀውም፤ ሣር ወዳለበት ይመራዋል እንጂ። ለበሬ እንዲህ ከታሰበ፣ ለሰው ልጅማ እንዴት አይታሰብ?

ይህ ሐሳብ የእኛ ፈጠራ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1948 ያወጣው የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ በ24ኛው አንቀጹ ማንም ሰው የማረፍና የመዝናናት መብት እንዳለው ያስታውቃል። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣውና ሀገራችን በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በ31ኛው አንቀጹ ለሕፃን ጨዋታ መብቱ መሆኑን ይናገራል። ከእነዚህም እጅግ አስቀድሞ ነቢዩ ዘካርያስ ስለምትታደሰው ኢየሩሳሌም ሲናገር፣ ለከተማይቱ ደኅንነት ምልክት አድርጎ የሰጠው ግንብዋን ወይም ወርቅዋን አይደለም። ምርኩዛቸውን ይዘው በአደባባይ የሚቀመጡትን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች፣ በዚያው አደባባይም የሚጫወቱትን ወንዶችና ሴቶች ልጆች ነው። ይህን ቃል በክፍላችን ባነበብን ጊዜ እርስ በርሳችን ተጠያየቅን፤ «በከተማችን ሽማግሌውና ሕፃኑ በአንድ አደባባይ፣ በአንድ ሰዓት፣ ያለ ፍርሃት የሚታዩት የት ነው?» መልሱ ቶሎ አልመጣልንም።

እንግዲህ ከተማችንን እንመልከት። አምቦ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 114 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በነቀምቴ መንገድ ላይ ትገኛለች። በቀድሞው ዘመን ሀገረ ሕይወት የሚል ስም የተሰጣት በከንቱ አልነበረም። ከምድርዋ ፍል ውኃ ይፈልቃል፤ ስምዋን የተሸከመው የማዕድን ውኃም እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ በመላው ሀገራችን ይጠጣል። በመካከልዋ የሁሉቃ ወንዝ ይወርዳል። ወደ ምዕራብ ጥቂት ቢጓዙ ጉደርና ፏፏቴው አሉ። በስተደቡብ ከተራራው አናት ላይ የወንጪ ሐይቅ አለ፤ የወንጪ መንደርም እ.ኤ.አ. በ2021 ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ተብላ ተመርጣለች። ወደ ጊንጪ በኩል ደግሞ የደንዲ ሐይቅ ይገኛል።

ይህ ሁሉ የፈጣሪ ስጦታ ነው፤ እንኮራበታለንም። ነገር ግን እንግዳ መቀበያ ሌላ፣ የነዋሪ መዝናኛም ሌላ ነው። ወደ ወንጪ ለመውጣት የመኪና ገንዘብ ያስፈልጋል፤ በፍል ውኃው መዋኛ ለመታጠብና ለመዋኘትም የመግቢያ ዋጋ ይከፈላል። በቀን ሥራ የሚተዳደር አባት አምስት ልጆቹን ይዞ በየሳምንቱ እንዲህ ያለውን ወጪ አይችልም። ስለዚህ ከሩቅ የመጣው እንግዳ በአምቦ ይዝናናል፤ አምቦ ተወልዶ ያደገው ልጅ ግን ውኃውን በአጥር ያያል።

ታዲያ የከተማችን ሰው የዕረፍት ጊዜውን የት ያሳልፋል? በግልጥ እንናገር። ወንዶች ጓደኞቻችን ከትምህርት በኋላ ፑል ቤት ወይም ጆተኒ ቤት ይሄዳሉ፤ ጥቂት ከፍ ያሉት ከረንቡላ ያዘወትራሉ፤ የአውሮፓን እግር ኳስ በቴሌቪዥን ለማየት ከፍለው ይገባሉ፤ ከዚያም አልፎ ጫት ቤት የሚውል አለ። ሥራ ያጣው ወጣት የድንጋይ አጥር ተደግፎ አላፊ አግዳሚውን ይመለከታል። እኅቶቻችን ውኃ ይቀዳሉ፤ እንጀራ ይጋግራሉ፤ ታናናሾቻቸውን ያዝላሉ። ሽማግሌው ከቤቱ ደጃፍ ላይ ብቻውን ፀሐይ ይሞቃል። እናቶቻችንስ? እናቶቻችን ጎረቤት ለጎረቤት ቡና ከመጠጣት በቀር በብዛት የሚገናኙት ልቅሶ ቤት ነው። ይህን የምንናገረው ማንንም ለመንቀፍ አይደለም። ሰው ወደ ተከፈተለት በር ይገባል፤ በከተማችን የተከፈቱት በሮች አብዛኞቹ ገንዘብ የሚያስከፍሉ ስለሆኑ ነው።

እዚህ ላይ ሳንጠቅሰው የማናልፈው ነገር አለ። ለመጫወቻ የሚሆን ቦታ ትንሽ ጉዳይ የሚመስለው ሰው ካለ የምዕራብ ሸዋን የቅርብ ጊዜ ታሪክ ያስታውስ። በኅዳር 2008 ዓ.ም. በጊንጪ ከተማ ተማሪዎች አደባባይ ወጡ። በዚያን ጊዜ እንደ ተዘገበው፣ ያስነሣቸው ነገር የጭሊሞ ጫካ ሊመነጠር፣ የኳስ ሜዳም ለባለሀብት ሊሰጥ ነው መባሉ ነበር። ከዚያች ትንሽ ከተማ የተነሣው ተቃውሞ ወደ ብዙ ከተሞች ተዛመተ። ከዚያም አስቀድሞ በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች በአንድነት የሚመለከተውን ማስተር ፕላን በመቃወም በዚህች በአምቦ ሰልፍ ተደርጎ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ፕላኑም በጥር 2008 ዓ.ም. መተዉ ተነገረ። እኛ ያን ጊዜ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ገና የጀመርን ልጆች ነበርን። የፖለቲካውን ነገር ለሊቃውንቱ እንተወዋለን፤ ነገር ግን የጥይት ድምፅ የሰማ ሕፃን በማግስቱ ደጅ ወጥቶ ለመጫወት እንደሚፈራ ማንም ሳይነግረን እናውቃለን።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት እንወስዳለን። አንደኛው፣ ሜዳና ጫካ የሕዝብ ልብ ያለባቸው ቦታዎች ናቸው፤ ካርታ ላይ ሲያዩዋቸው ባዶ መሬት ይመስላሉ እንጂ ባዶ አይደሉም። ሁለተኛው፣ ሕዝቡ ያልተጠየቀበት ፕላን ወረቀቱ የቱን ያህል ቢያምር ለሕዝቡ ሰላም አይሰጠውም። ለመናፈሻ ተብሎ የገበሬ መሬት ያለ ምክክር ቢወሰድ፣ የአንዱ ደስታ በሌላው ዕንባ ላይ ተሠራ ማለት ነው።

ይህን ሁለተኛውን ትምህርት በቃል ብናውቀውም በሥራ ግን የተማርነው ወድቀን ነው። እንዴት እንደ ወደቅን እንንገራችሁ።

ባለፈው ጥቅምት ወር ለዚህ በዓል መታሰቢያ እንዲሆን የክፍላችን ተማሪዎች ለሰፈሩ ሕዝብ የጨዋታ ቀን ልናዘጋጅ ኮሚቴ አቋቋምን። ሊቀ መንበር መረጥን፤ ጸሐፊ መረጥን፤ ቃለ ጉባኤም ያዝን። በሜዳው ላይ በኖራ መሥመር አሰመርን። ማስታወቂያውን በአማርኛ አሳምረን ጽፈን በትምህርት ቤቱ በር ላይ ለጠፍን። ሥራችንን ሁሉ የጨረስን መስሎን ደስ አለን።

ቀኑ በደረሰ ጊዜ የመጡት ወትሮም ኳስ የሚጫወቱት ወንዶች ልጆች ነበሩ። ሕፃናቱ ወደ ዳር ተገፉ። ሴቶች ልጆች በአጥሩ ላይ ሆነው ጥቂት ተመልክተው ሄዱ። ከወላጆች ማንም አልመጣም። ጨዋታውም ከሰዓት በኋላ በጠብ አለቀ፤ አንድ ልጅ ቅንድቡ ተፈንክቶ ተመለሰ። እኛም በስብሰባችን ላይ «ሕዝባችን መዝናናት አይወድም፤ አልሠለጠነም» ብለን በቃለ ጉባኤ ጻፍን። መምህራችን ያንን አንብበው «ከመጻፋችሁ በፊት ማንን ጠየቃችሁ?» አሉን። ማንንም አልጠየቅንም ነበርና አፈርን።

ከዚህ በኋላ ሁለት ሁለት ሆነን በየቤቱ እየዞርን ጠየቅን። አንዲት እናት «ልጆቼ፣ የመረጣችሁት ቀን እኮ የገበያ ቀን ነው! እኔ ገበያ ስወጣ ቤቱን የምትጠብቀው ልጄ እንዴት ትምጣላችሁ?» አሉን። አንድ አባት ማስታወቂያውን እንዳዩት፣ ነገር ግን እርሳቸው የሚያነቡት በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ ምን እንደሚል እንዳላወቁ ነገሩን። አንድ ሽማግሌ «ብመጣስ የት ልቀመጥ ነው?» ብለው ጠየቁን፤ በሜዳው ዳር አንድም አግዳሚ ወንበር አልነበረም። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ አንድ ጎረቤታችን ደግሞ ከትንሹ በር ላይ ያለውን ደረጃ አሳየን። እኛ በቀን ሁለት ጊዜ ስንረግጠው ስድስት ዓመት ያሳለፍንበትን ደረጃ ያን ቀን ገና አየነው።

በዚያው ሰሞን ወደ እድር ሽማግሌዎች ሄደን፣ ጡሩምባ ነፊው ለጨዋታው ቀን እንዲለፍፍልን ለመንናቸው። ሽማግሌዎቹ ከተመካከሩ በኋላ እንቢ አሉን። ምክንያታቸውንም ሲነግሩን፣ በዚህ ከተማ ጡሩምባ ሲነፋ ሰው ሁሉ «ማን ሞተ?» ብሎ እንደሚደነግጥ፣ ለጨዋታ ብለን የእናቶችን ልብ ማስደንገጥ እንደማይገባን አስረዱን። በምትኩ በእድሩ ስብሰባ ላይ በቃል ሊነግሩልን ቃል ገቡ፤ ነገሩም። እኛ ግን ከዚያ ስንመለስ መንገዱን ሁሉ ዝም ብለን ሄድን። ከተማችን ለኀዘን የምትጠራበት ድምፅ አላት፤ ለጸሎትም ደወልና አዛን አላት፤ ሽማግሌም ሕፃንም፣ ክርስቲያንም እስላምም አብሮ እንዲደሰት የምትጠራበት ድምፅ ግን የላትም። ለዚህ የሚሆን አንድ ድምፅ በእጃችን እንዳለ ያሳሰበችን ከመካከላችን አንዷ ናት፤ እርሱም የትምህርት ቤታችን ደወል ነው።

በኅዳር ወር ሁለተኛውን ሙከራ አደረግን። ቀኑን ወደ እሑድ ከሰዓት በኋላ አዛወርነው። ማስታወቂያውን በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ጻፍነው። ትልቁን በር አስከፈትን። የክፍላችንን አግዳሚ ወንበሮች ተሸክመን ከዛፉ ጥላ ሥር ደረደርን። የመጀመሪያውን ሰዓት ለሴቶች ልጆች የገመድ ዝላይና የመረብ ኳስ፣ ሁለተኛውን ለሕፃናት፣ የመጨረሻውን ለእግር ኳስ መደብን። የሴቶች እድር አባላትም የዚያን ቀን ስብሰባቸውን በሜዳው ዳር ለማድረግ ፈቀዱ፤ ቡናም አፈሉ። እናት በአጠገብ ስላለች ልጅ እንድትጫወት ተፈቀደላት። ሽማግሌዎቹ ለሁለት ገበጣ ያዙ። አንዲት አያት ሕፃናቱን ሰብስበው በኦሮምኛ ሂቦ፣ በአማርኛም እንቆቅልሽ እያሉ ጠየቋቸው፤ ሕፃናቱም በሁለቱም ቋንቋ መለሱ። ጠብ አልተነሣም። ጠብ ያልተነሣው ልጆቹ በአንድ ወር ውስጥ ጠባያቸው ስለ ተለወጠ አይደለም፤ እናቶቻቸው ስለሚያዩዋቸው ነው።

ከዚያ ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ እየሠራን እዚህ ደርሰናል። ሁልጊዜ ተሳክቶልናል ብለን አንዋሽም። በፈተና ሰሞን ሁለት ጊዜ ተቋርጧል፤ ሦስት ኳሶች ጠፍተዋል፤ ሥራ ያጡትን ታላላቅ ወንድሞቻችንንም እስከ ዛሬ በሚገባ ልንስብ አልቻልንም። ነገር ግን ከዚህች ትንሽ ሥራ ለከተማችን ሁሉ ይጠቅማል የምንለውን ጥቂት ሐሳብ አግኝተናል።

አንደኛ፣ ፕላን በጥያቄ ይጀመር። ከተማው ምን እንዲሠራለት ከመወሰኑ በፊት በየቀበሌው ማን መቼ ነፃ እንደሚሆን፣ ምን እንደሚወድና ምን እንደሚከለክለው ይጠየቅ። የነጋዴዋ የዕረፍት ሰዓትና የመምህሩ የዕረፍት ሰዓት አንድ አይደለም።

ሁለተኛ፣ አዲስ ከመሥራት አስቀድሞ ያለው ይቆጠር። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ በአሜሪካ በቦስተን ከተማ የሕፃናት መጫወቻ የተጀመረው በአንዲት ቤተ ጸሎት ግቢ ውስጥ በተከመረ አሸዋ ነው፤ ሐሳቡንም ያመጣችው በበርሊን እንዲህ ያለውን አይታ የጻፈች አንዲት ሐኪም ነበረች። ክምር አሸዋ በአምቦ አይታጣም። ስታዲየም አለን፤ የየትምህርት ቤቱ ሜዳ አለ፤ የሁሉቃ ዳርቻ አለ፤ በ1939 ዓ.ም. በእርሻ ትምህርት ቤትነት የተመሠረተው የዛሬው አምቦ ዩኒቨርሲቲም በመካከላችን አለ። የጎደለን በአብዛኛው መሬት አይደለም፤ በሩ የሚከፈትበት ሰዓትና ቁልፉን የሚይዝ ሰው ነው።

መንገድም ቢሆን መጫወቻ ይሆናል። በኮሎምቢያ የቦጎታ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ እሑድ እሑድ ዋና ዋና ጎዳናዎችዋን ለመኪና ዘግታ ለሕዝብዋ የመክፈት ልማድ አውጥታለች። በሀገራችንም በኅዳር 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ «መንገድ ለሰው» በሚል ስም ጎዳና ለመኪና ተዘግቶ ለእግረኛ፣ ለብስክሌትና ለሕፃናት ጨዋታ ተከፍቷል። በአምቦ ትልቁን የነቀምቴ መንገድ ለመዝጋት አይቻል ይሆናል፤ የሰፈር ውስጥ መንገድን ግን በወር አንድ እሑድ ለሁለት ሰዓት መዝጋት ገመድና ሁለት ሽማግሌ ብቻ የሚጠይቅ ነገር ነው።

ሦስተኛ፣ መዝናኛ ማለት ኳስ ብቻ ማለት አይደለም፤ ኳስም ማለት ውድድር ብቻ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና ኦሊምፒክ በ5,000 ሜትር የነሐስ ሜዳሊያ ያገኘው ፊጣ ባይሳ የዚህችው የአምቦ ልጅ ነው፤ እንኮራበታለን። ነገር ግን ከብዙ ሺህ ልጆች ሜዳሊያ የሚያገኘው አንዱ ነው፤ የቀሩትም መሮጥ ያስፈልጋቸዋል። በአጠገባችን በቦዳ የተወለዱት ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ገና በአምቦ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳሉ ተውኔት ጽፈው ለመድረክ እንዳበቁ ይታወቃል። ያ ልጅ የሚጽፍለት መድረክና የሚያየው ሰው ባያገኝ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ስለዚህ በፕላኑ ውስጥ ተውኔት፣ መዝሙር፣ ንባብ፣ ተረትና የሽማግሌዎች ጨዋታ ቦታ ይኑራቸው። በገና ሰሞን የገና ጨዋታ፣ ፈረስ ባለበትም ጉግሱ እንዳይረሱ ይሁን።

አራተኛ፣ ፕላኑ ወቅትንና አገሩን ይወቅ። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ዝናቡ ሜዳውን ጭቃ ያደርገዋል፤ በክረምት አዳራሽና ቤተ መጻሕፍት ያስፈልጋል፤ ተማሪው ሥራ የሚፈታውም በዚያ ጊዜ ነው። ለአምቦ የሚሆነው ሁሉ ለሌላው ከተማ አይሆንም። በቆላማው ባኮ ቀትር ላይ ሜዳ መውጣት አይቻልምና ጨዋታው ለጠዋትና ለማታ ይሁን። በጌዶ ደጋ ብርዱን የሚከላከል ቤት ይቅደም። ጊንጪ ጭሊሞን የመሰለ ጫካ አላት፤ ዛፉን ሳይነኩ የሚዘዋወሩበት የእግር መንገድ ይበቃታል። ጉደር ወንዝ አላት፤ ለእርስዋ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልጋት ዋና የሚያስተምርና ሕፃናትን የሚጠብቅ ሰው ነው።

አምስተኛ፣ ለእያንዳንዱ ሥራ ኀላፊ ይኑረው። በየከተማው የወጣቶች ማዕከል የሚባል ቤት ሲሠራ እናያለን፤ መልካም ነው። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማትም የእግረኛ መንገድና መናፈሻ የከተማ ሥራ መሆናቸውን ለሁሉ አሳይቷል። ነገር ግን ቤት ብቻውን አያጫውትም። ግንቡን የሚሠራው ገንዘብ ነው፤ ሕይወት የሚሰጠው ግን እሑድ ከሰዓት በኋላ ደክሞት ሳለ በሩን የሚከፍተው ሰው ነው። ጡረታ የወጡ መምህራን፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ የእድር ሹማምንት፣ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ወጣቶች በተራ ቢመደቡ፣ ይህን ለማድረግ የከተማው በጀት የሚጎዳ አይመስለንም።

የተከበራችሁ ወላጆቻችን! ለሴት ልጃችሁ በሳምንት ሁለት ሰዓት ስጧት ብለን እንለምናችኋለን። እንጀራው በዚያ ሰዓት ውስጥ በወንድሟ እጅ ቢጋገር አይመርም፤ ሞክረን አይተነዋል፤ ጥቂት ይወፍራል እንጂ።

የተከበራችሁ የከተማችን ሹማምንት! ዛሬ ክፍት የሆኑትን ሜዳዎች በስም መዝግባችሁ ለሕዝብ ጨዋታ ብቻ እንዲሆኑ አጽኑልን። ሊለወጡም ግድ ቢሆን፣ አስቀድማችሁ የሚጫወቱባቸውን ልጆችና ወላጆቻቸውን ጠይቁ። የጊንጪ ሜዳ የነገረን ይህንን ነው።

ክቡር ርእሰ መምህራችንና መምህራኖቻችን! ይህ ግቢ ላለፉት ዓመታት ብዙ ልጅ አስተምሯል። ከእንግዲህም እሑድ ከሰዓት በኋላ ለሰፈሩ ሕዝብ በሩ እንዲከፈት በደንብ እንዲጻፍልን እንለምናለን። በልማድ ብቻ የቆመ ነገር ልማዱን የጀመሩት ሰዎች ሲሄዱ ይወድቃልና፤ እኛ ደግሞ ሄያጆች ነን።

የ11ኛ ክፍል ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን! ዛሬ ከዚህ መድረክ ስንወርድ አንድ ደብተር እናስረክባችኋለን። በውስጡ በየቤቱ የጠየቅነው፣ የሰዓቱ ድልድል፣ የጠፉት ኳሶች፣ የተሳሳትነው ሁሉ ተጽፏል። የመጀመሪያውን ቃለ ጉባኤ አልቀደድነውም፤ «ሕዝባችን መዝናናት አይወድም» ብለን የጻፍነውን እንድታነቡት እዚያው ትተነዋል። በአጠገቡ ቀይ እስክሪብቶ ያለው የመምህራችን ጥያቄም አለ። ከሁሉ በላይ እርሱን ጠብቁት።

ንግግራችንን እዚህ ላይ እንፈጽማለን። በሚመጣው እሑድ በዘጠኝ ሰዓት ደወሉ ይደወላል። ስትሰሙት «ማን ሞተ?» ብላችሁ አትደንግጡ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ፣ አያቶችም ምርኩዛችሁን ይዛችሁ ኑ። ወንበር አዘጋጅተናል።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንንና ከተማችንን ይባርክ!